«ለበለጠ መረጃ ይደውሉልን»፤ ማን ሊያነሳው?

የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ መጨረሻው ሁሌም አንድ ነው፤ «ለበለጠ መረጃ በሥራ ሰዓት ይደውሉልን»። ደዋዩ አምኖ ይደውላል። የተቀዳ ድምፅ «እንኳን ደህና መጡ» ይለዋል፤ ለአማርኛ 1ን፣ ለእንግሊዝኛ 2ን እንዲጫን ይነግረዋል። 1ን ይጫናል። ክራር ይጀምራል። ያው ክራር አራት ጊዜ ተመላልሶ ይሰማና መስመሩ ጭጭ ይላል። ማሽኑ «እንኳን ደህና መጡ» ካለበት ሰከንድ ጀምሮ ሂሳብ ይቆጥር ስለነበር ካርዱ ግን ተበልቷል።

ደዋዩ ከደብረ ብርሃን የሚደውሉ ጡረተኛ ናቸው እንበል። በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ ይገባሉ፤ ወረፋ ይይዛሉ፤ ተራቸው ሲደርስ «ፋይልዎ ገና አልመጣም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመለሱ» ይባላሉ። ይህ መልስ በስልክ አሥር ሰከንድ አይፈጅም ነበር። የትራንስፖርቱን፣ የምሳውን፣ የጠፋውን ቀን ሂሳብ የሚከፍለው ማን እንደሆነ መሥሪያ ቤቱን አያስጨንቀውም።

ቢሮው ውስጥ ስልክ ጠፍቶ ነው? በፍጹም። በየጠረጴዛው ላይ ስክሪን ያለው የኢንተርኔት ስልክ ተቀምጧል። በጨረታ የተገዛ፣ በሞዴል 19 ገቢ የሆነ፣ በኮሚቴ ርክክብ የተደረገበት ነው። የግማሹ ስክሪን ጠፍቷል። የአንዳንዱ ኬብል ተነቅሎ ላፕቶፕ ላይ ተሰክቷል። ሌላው ወረቀት እንዳይበተን ክብደት ሆኖ ያገለግላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ!

ሲጠየቁ መልሱ ዝግጁ ነው፤ «ኔትወርክ ነው»። ከዚያ ሲያልፍ «ሲስተም ወድቋል»።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ሁለተኛ ፎቅ ያለ ሠራተኛ አራተኛ ፎቅ ላለ ባልደረባው በውስጥ መስመር ሲደውል ድምፁ ከሕንፃው አይወጣም። ማዞሪያው ያለው እዚያው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፤ ኬብሉም የቢሮው ነው። ውጭ ያለው ኢንተርኔት ቀኑን ሙሉ ቢቋረጥ እንኳ የውስጥ ጥሪ መሥራት አለበት። የማይሠራ ከሆነ ጥፋቱን ቴሌ ላይ መለጠፍ ውሸት ነው። ወደ ውጭ የሚደረገውም ጥሪ ቢሆን የሚጠይቀው አቅም ትንሽ ነው። ጂ 711 በሚባለው የተለመደ የድምፅ አቀራረጽ አንድ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ ከ100 ኪሎ ቢት በታች ይበቃዋል። ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ 2 ሜጋ ቢት አይሞላም። ኳስ በቀጥታ ለማየት የሚበቃ ኢንተርኔት ያለው ቢሮ ለስልክ አልበቃኝም ሊል አይችልም። ድምፅ የሚቆራረጠው ብዙውን ጊዜ ያው ኳሱና ስልኩ በአንድ መስመር ስለሚጋፉ፣ ለድምፅ ቅድሚያ ስጥ ብሎ ራውተሩን ያዘዘው ሰው ስለሌለ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አንድ ቃል ከተናጋሪው አፍ እስከ ሰሚው ጆሮ ከ150 ሚሊ ሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ይህን ማሟላት የራውተር ማስተካከያ እንጂ የአዲስ ጨረታ ጉዳይ አይደለም።

ዋጋም ሰበብ አይሆንም። አስቴሪስክ የተባለው የስልክ ማዞሪያ ሶፍትዌር ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ነው። መካከለኛ ቢሮ በአንድ ተራ ኮምፒውተር ላይ ሊያስኬደው ይችላል። እኛ ጋ ግን የሚመረጠው በየዓመቱ ፈቃዱ በዶላር የሚታደስ ሲስተም ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ ሲመነዘር ያ ዕዳ በብር ምን ያህል እንዳበጠ የፋይናንስ ክፍሎች ያውቁታል። ፈቃዱ ሳይታደስ ይቀራል፤ ስልኩ አንድ በአንድ ይሞታል።

የበሽታው መነሻ የግዢው ወቅት ነው። ሰኔ ሲደርስ ያልተነካ የካፒታል በጀት እንዳይመለስ ጥድፊያ ይጀመራል። የጨረታው ሰነድ ስንት ስልክ፣ ስንት ስዊች፣ ስንት ሜትር ኬብል እንደሚፈለግ ይዘረዝራል። ማን እንደሚያነሳው አይጠይቅም። ስንት ጊዜ ጠርቶ ካልተነሳ ወደ ማን እንደሚዞር አይጠይቅም። አቅራቢው ሁለት ሰው ለሁለት ቀን ያሠለጥናል፤ ፎቶ ይነሳሉ፤ የዋስትናው ጊዜ ሳያልቅ ሁለቱም የተሻለ ደመወዝ አግኝተው ይሄዳሉ። የማዞሪያው ዋና የይለፍ ቃል አቅራቢው ዘንድ ቀርቷል። በመደበኛ በጀት ውስጥ ለጥገና የተያዘ ሳንቲም የለም። መግዛት ዜና ይሆናል፣ መጠገን ግን ማንንም አያስመሰግንም።

የድሮው የጠረጴዛ ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከቴሌ ጣቢያ በመዳቡ ሽቦ በኩል ስለነበር መብራት ቢጠፋም ይሠራ ነበር። የኢንተርኔት ስልክ እንዲህ አይደለም። ስዊቹ ከጠፋ ፎቁ በሙሉ ድምፁ ይጠፋል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሰርቨሩና ለስዊቹ ዩፒኤስ ሳያዘጋጁ ይህን ሲስተም መግጠም ጣሪያ የሌለው ቤት እንደ መረከብ ነው። ዩፒኤሱ ተገዝቶም ቢሆን ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደሚደክም የሚያስታውስ የለም።

ሌላም አለ፤ ይሄ ደግሞ ገንዘብ ነው። ኢንተርኔት ላይ የተጋለጠ ማዞሪያን ቀንና ሌሊት የሚያንኳኩ አውቶማቲክ ፕሮግራሞች አሉ። 5060 በሚባለው በር ይመጣሉ፤ የይለፍ ቃሉ እንደ ቁጥሩ 101 የሆነ 101 የተባለ መስመር ሲያገኙ ይገባሉ። ቅዳሜና እሁድ ቢሮው ተዘግቶ ሳለ ውድ ወደሆኑ የውጭ አገር ቁጥሮች ይደውላሉ፤ ቢሉ ወር ሲያልቅ ይመጣል። መከላከያው ቀላል ነው፤ ጠንካራ የይለፍ ቃል፣ በሩን ከውጭ መዝጋት፣ የውጭ አገር ጥሪን ከሚያስፈልገው ሰው በቀር መከልከል። የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ያንን ከሰዓት የሚሠራ ሰው ግን መመደብ አለበት።

«ሕጉም ያስፈራል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። እውነት አላቸው። በ1994 የወጣው አዋጅ ቁጥር 281 በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍን ከልክሎ ነበር። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅ ቁጥር 761 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ከ3 እስከ 8 ዓመት እስራት አስፈራርቷል። አንድ ትውልድ ቴክኒሻን «የኢንተርኔት ስልክ» የሚለውን ቃል ከወንጀል ጋር አብሮ ነው የተማረው። ነገር ግን ፈቃድ ካለው ኦፕሬተር በውል በተወሰደ መስመር የራስን ቢሮ ማገናኘትና ዓለም አቀፍ ጥሪን በስርቆት ማስገባት ለየቅል ናቸው። ስልኩን የገዛው ራሱ መንግሥት ነው፤ ሕጉን እየፈራ አይደለም ያላነሳው።

ታዲያ ለምን አይጠገንም? ስለሚጠቅም ነው። የቢሮው ስልክ ሲሞት የኃላፊው የግል ሞባይል ቢሮ ይሆናል። ያ ቁጥር ማን ዘንድ ነው ያለው? ዘመድ ዘንድ፣ የትምህርት ቤት ጓደኛ ዘንድ፣ ከሁሉ በላይ ደጅ ላይ የቆመው ጉዳይ ገዳይ ዘንድ። ክራሩን የሚያዳምጠው ማንንም የማያውቀው ሰው ብቻ ነው። የጠረጴዛው ስልክ ለሁሉም እኩል ይጠራል፤ ሞባይሉ ግን የደዋዩን ስም ያሳያል፤ ስም የሌለው አይነሳም።

ደግሞ ማዞሪያው መዝገብ ይይዛል። ማን ደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ደቂቃ ጠበቀ፣ ተነሳለት ወይስ ተዘጋበት፤ ሁሉም እዚያ አለ። የግል ሞባይል ይህን ለማንም አይመሰክርም። ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ሰቅሎ አገልግሎቱን በደቂቃ ለክቶ ቃል የገባ መሥሪያ ቤት፣ ከቻርተሩ ጎን የሳምንቱን ያልተነሱ ጥሪዎች ቁጥር ይስቀል። አዲስ ሲስተም አያስፈልገውም። ማዞሪያው በሕይወት ካለ ቁጥሩን አሁን ያውቀዋል።

«ዘመኑ የቴሌግራም ነው፣ የጠረጴዛ ስልክ ማን ይፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። ይህን የሚለው ስማርት ስልክና የዳታ ጥቅል ያለው ነው። የደብረ ብርሃኑ ጡረተኛ የያዙት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። በቴሌግራም የምትመልሰውም ሠራተኛ በራሷ ዳታ፣ በራሷ ቁጥር ነው የምትመልሰው፤ እሷ የወሊድ ፈቃድ ስትወጣ የመሥሪያ ቤቱም መልስ አብሮ ፈቃድ ይወጣል።

የግሉ ዘርፍም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ ክራሩ ብቻ ነው የሚለያየው። ሆኖም ደንበኛው ሌላ ጋ የመሄድ ዕድል አለው። የጡረታ ፋይሉን ይዞ ወደ ሌላ መንግሥት የሚሄድ የለም።

ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ማንም ከማያውቀው ቁጥር ወደ ራሱ ቢሮ ይደውል። ለፀሐፊው አይደለም፤ ማስታወቂያው ላይ ወዳለው ቁጥር። 1ን ይጫን፤ ይጠብቅ።