የጋፋት መድፍና የኤምባሲው ሰልፍ

በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት መድፍ በክራይሚያዋ ከተማ ስም «ሴባስቶፖል» ተባለ። በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ግን አላዳናቸውም።

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. ወጣቶቻችን ለሩሲያ ለመዝመት አዲስ አበባ በሚገኘው ኤምባሲዋ ደጃፍ ተሰለፉ። ኤምባሲው ወታደር አልመለምልም አለ። ለመሆኑ በማን ላይ ሊዘምቱ ኖሯል? በዚያ ጦርነት ሚሊዮኖች ተሰደዋል፤ በግንቦት 2015 ዓ.ም. የካኾቭካ ግድብ ፈርሶ መንደርና እርሻ በጎርፍ ተውጧል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ከባድ መሣሪያ የወደቀባት ደብረ ታቦር የጦርነትን ፍዳ ታውቀዋለች። እንጀራ ፍለጋ የተሰለፈውን ወጣት አልወቅስም፤ የምወቅሰው በአገሩ ሥራ ነፍጎ የባዕድ አገር ሞት ያስመኘውን ሥርዓት ነው። ከጋፋት ልንወርስ የሚገባን መድፉን ሳይሆን የእጅ ጥበቡን ነው።