ስፖንሰርና ካፊል

እናቴ ላሊበላ ናት። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስትደውልልኝ ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ «ወረቀቱ ወጣ?» አለችኝ። ወረቀቱ የምትለው የእንግሊዝን የሥራ ቪዛ ነው። ለአሸተን ማርያም ጥላ ተስላለች። እኔ ደግሞ ወረቀቱ እንደማይወጣ ካወቅሁ ሦስት ቀን ሆኖኝ ነበር፤ እንዴት ብዬ እንደምነግራት ጠፍቶኝ ዝም አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ እንግሊዝ አገር ያለ አንድ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ሊቀጥረኝ ተስማማ። ፈተናውን አልፌያለሁ፣ ደመወዙን ተነጋግረናል፣ የቀረው የስፖንሰርነት ማረጋገጫው ብቻ ነበር። ሰኔ 24 ቀን የእንግሊዝ መንግሥት የሕግ ማሻሻያ ለፓርላማው አቀረበ፤ ሐምሌ 15 ሥራ ላይ ዋለ። ለሠለጠነ ሠራተኛ ቪዛ የሚጠየቀው አጠቃላይ ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝ ከ38,700 ወደ 41,700 ፓውንድ ወጣ። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ 26,200 ነበር። በዚህ ላይ እያንዳንዱ ሙያ የራሱ ወለል አለው፤ የፕሮግራመሮቹ ከአጠቃላዩ ከፍ ይላል፣ እሱም አብሮ ጨመረ። የኔ ደመወዝ በአሮጌው ሕግ ያልፍ ነበር፣ በአዲሱ ወደቀ። ድርጅቱ አዝኛለሁ የሚል አጭር ኢሜይል ላከልኝ።

ከሳምንት በኋላ ሌላ ኢሜይል መጣ። ያንኑ ሥራ አዲስ አበባ ሆኜ በኮንትራት ልሠራላቸው እችል እንደሆነ ይጠይቃል፤ ከግማሽ በታች በሆነ ክፍያ፣ ያለ ጡረታ፣ ያለ እረፍት ክፍያ።

እንግዲህ የማን ሥራ ዳነ? የእንግሊዝን ወጣት ከእኔ ለመጠበቅ ነው የተባለው ሕግ ሥራውን አልጠበቀለትም። ሥራው ቦሌ ሚካኤል አንዲት ክፍል ውስጥ ገባ፤ ግብሩም፣ የቤት ኪራዩም፣ የማወጣው ገንዘብም እዚያ አገር ቀረ ማለት ነው።

መስከረም 9 ቀን 2018 ደግሞ አሜሪካ ተከተለች። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ የኤች-ዋን-ቢ ሠራተኛ ማመልከቻ የሚያስገባ አሠሪ 100,000 ዶላር እንዲከፍል የሚያዝ አዋጅ ፈረመ። ይህ ቪዛ ድሮም በዓመት ለ85,000 ሰው ብቻ በዕጣ የሚደርስ ነው። ከእኛ አገር ስንት ሰው ነበር የሚያገኘው? ጥቂት። ቢሆንም ዜናው በተሰማበት ሳምንት የሥራ ባልደረቦቼ ምሳ ላይ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

እኔን ያናደደኝ ግን ክፍያው አይደለም። ስለዚህ ነገር ከሰማሁት ሁሉ ትክክለኛውን የተናገረችው ታላቅ እህቴ ናት። ፕሮግራም መጻፍ አታውቅም። ወደ ቤሩት የሄደችው መንግሥት የቤት ሠራተኞችን ጉዞ አግዶ በነበረበት ጊዜ፣ በደላላ ነው። እገዳው በ2006 ዓ.ም. ጥቅምት ወጥቶ አራት ዓመት ገደማ ቆየ፤ የወሎ ልጆች መሄዳቸውን አላቆሙም፣ ብዙዎቹ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ወደ የመን ነጎዱ። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን በቤሩት ቆንስላችን በር ላይ እየጣሉ ሲሄዱ፣ እህቴ ከእነሱ መካከል አልነበረችም። ማዳሟ ፓስፖርቷን ይዛ፣ ሰባት ወር ሳትከፍላት፣ አለቅም ብላ አስቀርታት ነበር።

ታዲያ ስፖንሰር ምን እንደሆነ ሳስረዳት እየሳቀች «ካፊል በለኝ እንጂ!» አለች። ካፊል በአረብኛ ዋስ ማለት ነው፤ ሠራተኛዋ በአገሩ የምትኖረው በእሱ ዋስትና ስለሆነ ከእሱ ቤት ከወጣች ሕገ ወጥ ትሆናለች። ከዚያ ጠየቀችኝ። ፓስፖርቱን ማን ነው የሚይዘው? እኔ። ሥራውን ብትጠላ? ሌላ ስፖንሰር እፈልጋለሁ። ቢያባርሩህስ? 60 ቀን አለኝ። «60 ቀን ጥሩ ነው» አለች፣ የምሯን።

ኧረ ልዩነቱ ይገባኛል። የእኔ ብጤ ፍርድ ቤት አለው፣ በሩ አይቆለፍበትም፣ ደመወዙ በባንክ ነው የሚገባው። የእህቴን መከራ ከእኔ የከሸፈ ዕቅድ ጋር አላስተካክልም። ነገር ግን ማጠፊያው አንድ ነው፤ በአገሩ የመኖር መብትህ የተሰቀለው በአንድ አሠሪ ሚስማር ላይ ነው። እንግሊዝ ውስጥ የድርጅቱ የስፖንሰርነት ፈቃድ ቢሰረዝ፣ ምንም ያላጠፋው ሠራተኛም 60 ቀን ይቆጠርበታል። አሜሪካም ሥራው ካበቃ እስከ 60 ቀን ነው።

አሁን በዚህ ላይ 100,000 ዶላር ጨምሩበት። ያን ያህል የከፈለብህን አለቃ ቅዳሜ አልሠራም ትለዋለህ? ጭማሪ ትጠይቀዋለህ? የውጭ ዜጋ ደመወዝ ያወርዳል ይሉናል። እውነት ነው፣ አንዳንዴ ያወርዳል፤ የሚያወርደው ጥሎ መሄድ ስለማይችል ነው። የራሳቸውን ሠራተኛ መጠበቅ ከምር ቢፈልጉ ኖሮ ፈቃዱን ከድርጅቱ ፈትተው ከሙያው ጋር ባሰሩት ነበር። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከ2024 ሰኔ ጀምሮ ያለ አሠሪ ገብቶ ሥራ የሚፈለግበት የዕድል ካርድ ትሰጣለች። እሱም ቢሆን ለላስታ ልጅ አይደለም፤ ለአንድ ዓመት ከ13,000 ዩሮ በላይ በዝግ ሂሳብ አሳይ ይላል። መንገዱ እንዳለ ግን ያሳያል።

የአገሬ ሰዎችም አሉ፣ «እሰይ፣ ምሁሩ አገሩ ይቀራል» የሚሉ። የት ነው የምቀረው? በ2015 ሐምሌ መጨረሻ ላሊበላ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄጄ ሳለ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ዓመት ገደማ ቆየ። አንድ የውጭ ደንበኛ ነበረኝ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ ኢሜይሌን ስከፍት ሌላ ሰው ቀጥሮ አገኘሁት። አልፈርድበትም። አምስት ሚሊዮን ኮደሮችን እናሠለጥናለን የተባለው ይህ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። አስጎብኚዎቹ የሰፈሬ ልጆች በኮቪድ፣ ቀጥሎ በጦርነት፣ ቀጥሎም በሌላ ጦርነት እንግዳ አጥተው ከተቀመጡ ዓመታት አልፈዋል። ቅሩ የሚለን ሰው መጀመሪያ የምንቀርበትን ያሳየን።

መንግሥታችንም ቢሆን በአዋጅ 923/2008 መሠረት ሠራተኛ ከሚልክባቸው አገሮች ጋር ስምምነት ይፈራረማል። ስምምነቱ ላይ ስለ ትኬትና ስለ ደመወዝ ይወራል። ሠራተኛዋ አሠሪ መቀየር ትችላለች ወይ የሚለው መጀመሪያ መጠየቅ ነበረበት፤ ለእህቴም፣ ለእኔም።

እናቴን በመጨረሻ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆይታ «ሥራውስ?» አለችኝ። ሥራው አለ፣ እዚሁ ሆኜ ነው የምሠራው አልኳት። «ታዲያ ደርሶልሃል እኮ» አለችና ጥላውን ይዛ አሸተን ወጣች። በዚያ ዳገት፣ በስልሳ ስምንት ዓመቷ።

ውሌ በየሦስት ወሩ ነው የሚታደሰው። ሁለት ጊዜ ታድሷል። ጭማሪ እስካሁን አልጠየቅሁም።