የራዶን ልኬት በቆቦና በራያ ቆላ የከርሰ ምድር ውኃ

በሰሜን ወሎ የሚገኘው የቆቦ ሜዳ በምዕራብ በላስታ፣ በምሥራቅ ደግሞ በዞብል ተራሮች የተከበበ ዝናብ አጠር አካባቢ ነው። እንደ ሆርማትና ጎሊና ያሉ ወንዞች ያከማቹት ደለል ግን ከፍተኛ የከርሰ ምድር ውኃ አቁሯል። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በተቋቋመው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ልማት ፕሮግራም አማካይነትም ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው ለመስኖ ውለዋል።

ኅብረተሰቡ የጉድጓድ ውኃ ተጠቃሚነቱ ባደገ ቁጥር የጥራቱ ጉዳይም አብሮ ይነሳል። በተለምዶ ምርመራው የሚያተኩረው በጀርሞች፣ በጨዋማነትና በፍሎራይድ ላይ ነው። ራዶን የተባለው ጨረር አመንጪ ጋዝ ግን ቀለም፣ ሽታም ሆነ ጣዕም ስለሌለው ያለ መሣሪያ አይታወቅም። ጋዙ በዐለት ውስጥ ካለው ዩራኒየም በሂደት የሚፈጠር ሲሆን፣ ከወንዝ ውኃ በቀላሉ ወደ አየር ሲበተን በጥልቅ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ግን ታምቆ ይቆያል።

የአካባቢው ተራሮች በአብዛኛው የባዛልት ዐለት ናቸው። ባዛልት ከግራናይት ጋር ሲነጻጸር አነስተኛ ዩራኒየም ስለሚይዝ የራዶኑ መጠን ዝቅተኛ ይሆናል ተብሎ ሊገመት ይችላል። ይሁን እንጂ የዐለት ስንጥቅና የጉድጓድ ጥልቀት ውጤቱን ስለሚለውጡ ግምት ልኬትን አይተካም።

የልኬቱ ዋነኛ ተግዳሮት ጊዜ ነው። የራዶን መጠን በ3.8 ቀናት በግማሽ ይቀንሳል። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ የሚደርስ ናሙና ለአንድ ሳምንት ከቆየ፣ የሚቀረው ከሩብ ጥቂት ከፍ ያለ ብቻ ነው። ስለሆነም ናሙናው አረፋ ሳይፈጥር በመስታወት ጠርሙስ እስከ አፉ ተሞልቶ መታሸግ፣ የተቀዳበት ሰዓት መመዝገብና የባከነው ጊዜ በስሌት መስተካከል ይኖርበታል። ይህ ካልተደረገ ችግር ያለበት ጉድጓድ ንጹሕ መስሎ ሊታይ ይችላል። በተንቀሳቃሽ መሣሪያ እዚያው ጉድጓዱ ዘንድ መለካት ደግሞ ይበልጥ አስተማማኝ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ በ2013 ባወጣው መመሪያ ለመጠጥ ውኃ በሊትር 100 ቤክሬል መነሻ አድርጎ አስቀምጧል። ዋናው ሥጋት ከመጠጣቱ ይልቅ ጋዙ በቤት ውስጥ ተከማችቶ ሲተነፈስ የሚያስከትለው የሳንባ ካንሰር ነው። ከቦኖ በጀሪካን ቀድቶ የሚጠቀም ቤተሰብ ቤቱ ድረስ በቧንቧ ውኃ ከሚገባለት ያነሰ ተጋላጭነት ይኖረዋል።

መፍትሔውም ከአቅም በላይ አይደለም፤ ውኃውን በማጠራቀሚያ ጋን ላይ ከአየር ጋር እንዲቀላቀል ማድረግ ጋዙን በእጅጉ ይቀንሳል። ያለ ልኬት የሚነዛ ሥጋት ነዋሪውን ወደ ወንዝና ኩሬ ውኃ ከመለሰው ግን ለተቅማጥ በሽታ ይዳርገዋል። በመሆኑም ራዶን ከአዳዲስ ጉድጓዶች የርክክብ ምርመራ ጋር ተካቶ ቢለካ፣ ኅብረተሰቡ ውኃውን በተጨበጠ መረጃ ላይ ተመሥርቶ እንዲጠቀም ያስችለዋል።