ጠመንጃ ወይስ በርበሬ?



ባለፈው የማኅበራችን ስብሰባ ከተነሡት ጉዳዮች ሁሉ እጅግ ያከራከረን የመዋጮውም የምርጫውም ነገር አልነበረም። ያከራከረን ድብ ነው። በመጪው ሐምሌ አባሎቻችን ወደ የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ሄደው አራት ቀን በድንኳን እንዲሰነብቱ ከተወሰነ በኋላ፣ «ድብ ቢመጣብን ምን ይዘን እንጠብቀዋለን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ጥያቄው አንድ ሰዓት ተኩል አጨቃጭቆን፣ ውሳኔ ሳናገኝለት ተበተንን። ስለዚህ በዚያ ምሽት በጩኸት ያላለቀውን ነገር ዛሬ በጽሑፍ ረጋ ብለን ልንመረምረው አስበናል። (ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።)

እኛ ድብን የምናውቀው ከመጽሐፍ ነው። ዳዊት በብላቴንነቱ የአባቱን በጎች ሲጠብቅ አንበሳና ድብ መግደሉን እየሰማን አድገናል። በአገራችን ዱር ግን ጅብና ነብር፣ ቀበሮና አንበሳ እንጂ ድብ የለም። «ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። እኛም ልማዱን በማናውቀው አውሬ ፊት የአገራችንን ፉከራ ይዘን ብንቆም ከዚያ ጅብ አንሻልም።

የጠመንጃ ወገን የሆኑት ወንድሞቻችን ያቀረቡት ክርክር በአጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ግሪዝሊ የሚባለው ቡናማ ድብ አንድ ጊዜ ከተቆጣ ከጥይት በቀር የሚመልሰው የለም። ሁለተኛ፣ ጥይትን እንደ በርበሬ ነፋስ መልሶ በባለቤቱ ዓይን ላይ አያመጣውም። ሦስተኛ፣ አያቶቻችን ውጅግራና ምንሽር ይዘው አገር የጠበቁ ሲሆኑ፣ የልጅ ልጆቻቸው የወጥ ቅመም ታጥቀው ዱር መግባታቸው ያሳፍራል። አንዱ ወንድማችንማ «ሚጥሚጣ ለክትፎ ነው» ብሎ ቤቱን በሣቅ አናወጠው። እኛም አብረን ሥቀናል። ዳሩ ግን ሣቅ ማስረጃ አይሆንም።

ሣቁ ሲበርድ አንዲት እኅታችን ተነሥታ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች፦ «ከመካከላችን በሚሮጥ ነገር ላይ ተኩሶ የሚያውቅ እጁን ያንሣ» አለች። ሠላሳ ከምንሆን ሰዎች መካከል አንድም እጅ አልተነሣም። የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ጥያቄው ጠመንጃ ድብ ይገድላል ወይ አይደለም፤ ይገድላል። ጥያቄው እኛ፣ እጃችን እየተንቀጠቀጠ፣ በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ምን ልናደርግ እንችላለን ነው።

ሁለት ሰኮንድ ያልነው ለማጋነን አይደለም። ግሪዝሊ በሰዓት እስከ 56 ኪሎ ሜትር ድረስ ሊሮጥ ይችላል። ይህም በሰኮንድ ወደ 15 ሜትር ያህል ማለት ነው። እንግዲህ በሠላሳ ሜትር ርቀት ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ ያለ ድብ እኛ ዘንድ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ «በስመ አብ» ብሎ ለማማተብ እንኳ የሚበቃ አይደለም። በዚህ ጊዜ ውስጥ ጠመንጃውን ከትከሻ ማውረድ፣ መቆለፊያውን መክፈት፣ ማነጣጠርና መተኮስ ያስፈልጋል። ያውም ጥይቱ የትም ቢያርፍ አይሆንም። የቆሰለ ድብ ካልቆሰለው ይብሳል፤ የሳተ ጥይት ደግሞ ከድቡ ባሻገር የቆመ ጓደኛ ሊያገኝ ይችላል።

ይህን ጉዳይ በግምት ሳይሆን በመዝገብ የመረመሩ ሰዎች አሉ። ቶም ስሚዝና ስቲቨን ሄሬሮ የተባሉ የድብ ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር በአላስካ የተፈጸሙትን ግጭቶች ሰብስበው ሁለት ጥናቶች አውጥተዋል። በ2008 የወጣው ስለ በርበሬው ስፕሬይ ነው። ከ1985 እስከ 2006 ድረስ ስፕሬይ የተረጨባቸውን 83 አጋጣሚዎች መርምረው፣ ቡናማ ድብን ከመቶው በ92ቱ፣ ጥቁር ድብን ከመቶው በ90ው ጊዜ ካሰበው ነገር እንዳስቆመው አገኙ። በቅርብ ርቀት ስፕሬዩን ይዘው ከተገኙት ሰዎች መካከል 98 በመቶዎቹ ምንም አልደረሰባቸውም። የቆሰሉት ሦስት ሰዎች ብቻ ሲሆኑ፣ ከእነርሱም ሆስፒታል የተኛ አልነበረም። ወንድሞቻችን የፈሩት ነፋስም ያስቸገረው ከመቶው በሰባቱ ጊዜ ያህል ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን በርበሬው ድቡ ዘንድ ደርሷል።

በ2012 የወጣው ሁለተኛው ጥናት ስለ ጦር መሣሪያ ነው። ከ1883 እስከ 2009 የተፈጸሙ 269 አጋጣሚዎች ተመረመሩ። ረጅም ጠመንጃ ድቡን ያስቆመው ከመቶው በ76ቱ፣ ሽጉጥ ደግሞ በ84ቱ ነው። ቁጥሩ ትንሽ አይደለም። ነገር ግን አንባቢን ቆም ሊያሰኘው የሚገባው የሚቀጥለው ነው፦ መሣሪያ ይዘው ከድብ ጋር በቅርብ የተገናኙት ሰዎች፣ ቢተኩሱም ባይተኩሱም የመጐዳታቸው መጠን ያው ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ጊዜ አልበቃም፤ ጠመንጃው ከሸፈ፤ መቆለፊያው ሳይከፈት ቀረ፤ ጥይቱ ሳተ፤ ተኳሹ ወደ ኋላ ሲሸሽ ተደናቅፎ ወደቀ። ከአጋጣሚዎቹም በ61 በመቶው ድቡ ተገድሏል።

እዚህ ላይ ለእውነት ስንል የራሳችንን ወገን የሚያዳክም ነገር መናገር አለብን። ሁለቱን ቁጥሮች ጐን ለጐን አቁሞ «92 ከ76 ይበልጣል» ማለት ብቻውን ትክክለኛ ሚዛን አይሆንም። ስፕሬይ ከተረጨባቸው ድቦች ብዙዎቹ ምግብ ፍለጋ ወይም ለማየት የቀረቡ እንጂ ሊገድሉ የመጡ አልነበሩም። የመሣሪያው መዝገብ ደግሞ በብዛት የከፋውን ግጭት የያዘ ነው፤ ድቡን ያለ ጉዳት ያባረረ ሰው ለማንም ሳያስታውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳልና። ስለዚህ ከጥናቶቹ የምንወስደው ትምህርት «ጠመንጃ ከንቱ ነው» የሚል አይደለም። የምንወስደው፣ በርበሬው ልምድ በሌለው እጅ እንኳ ሥራውን መሥራቱን፣ ጠመንጃው ግን ያለ ልምድ ለባለቤቱ ብዙ አለመጥቀሙን ነው።

የበርበሬው ታሪክ ራሱ ለተማሪ የሚያኰራ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኬሪ ሀንት የተባለች የሞንታና ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ቻርልስ ጆንከል በሚባሉት የድብ ሊቅ መሪነት፣ ድብን ሳይገድል የሚመልሰው ምን እንደሆነ ለመመረቂያ ጽሑፏ ስትመረምር ከሞከረቻቸው ነገሮች አንዱ በርበሬ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠው ስፕሬይ መነሻው ያ ምርምር ነው። ውስጡ ያለው የሚያቃጥል ነገር በሚጥሚጣችን ውስጥ ካለው የተለየ አይደለም፤ ተጨምቆ ወጥቶ ከሚገፋ ጋዝ ጋር በቆርቆሮ ታሽጎ እንጂ። በርበሬ ራሱ ከዚሁ ከአሜሪካ ምድር ወጥቶ ዓለምን ዞሮ እኛ ማጀት የገባ ተክል ነው። ስለዚህ «የወጥ ቅመም» ብለው የናቁት ወንድሞቻችን፣ እናቶቻቸው በርበሬ ሲያስወቅጡ ቤቱ ሁሉ እንዴት እንደሚያስነጥስና እንደሚያስለቅስ ያስታውሱ። የድብ አፍንጫ ደግሞ ከእኛ አፍንጫ እጅግ የበረታ ነው።

ከዚህም በላይ ብዙዎቻችንን የሚነካ የሕግ ነገር አለ፤ በስብሰባው ላይ ማንም ሳያነሣው መቅረቱ አስደንቆናል። በተማሪ ቪዛ ወደ አሜሪካ የገባ ሰው፣ የአደን ፈቃድ ወይም በሕጉ የተለየ ሌላ ምክንያት ከሌለው በስተቀር፣ ጠመንጃም ጥይትም እንዳይዝ የፌዴራሉ ሕግ ይከለክለዋል። «ከጓደኛዬ እዋሳለሁ» ማለት አያድንም፤ የተከለከለው መያዙ ነውና። ቅጣቱም እስራትና ከአገር መባረር ሊያስከትል የሚችል ከባድ ወንጀል ነው። የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ዜግነት ያላቸው አባሎቻችን ጉዳይ የተለየ ነው። ነገር ግን ከ2010 ጀምሮ የአካባቢውን ግዛት ሕግ ለሚያሟላ ሰው መሣሪያ ይዞ ብሔራዊ ፓርክ መግባት ቢፈቀድም፣ በየሎውስቶን ውስጥ መተኮስ የተከለከለ መሆኑን እነርሱም ይወቁ። ከድብ አምልጦ ዳኛ ፊት መቆምና ትምህርትን አቋርጦ መመለስ የአያቶችን ስም አያስጠራም።

ስለ ድቡም አንድ ቃል እንናገር። በየሎውስቶን አካባቢ የነበረው ግሪዝሊ በ1975 በመጥፋት ሥጋት ካሉት እንስሳት መዝገብ ሲገባ ቁጥሩ ወደ 136 ወርዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በተደረገለት ጥበቃ ወደ አንድ ሺህ ያህል እንደ ደረሰ ይገመታል። በእኛ ላይ የምትሮጠው ድብ አብዛኛውን ጊዜ ልጆቿን የምታስጥል እናት ናት፤ ሩጫዋም ብዙ ጊዜ ማስፈራሪያ ብቻ ነው። በርበሬ የተረጨባት ድብ ዓይኗን አሽታ፣ አስነጥሳ፣ ወደ ልጆቿ ትመለሳለች። ጥይት ግን ከወጣ በኋላ ይቅርታ የለውም። እኛ በአገሩ እንግዳ ሆነን ገብተን፣ የቤቱን ባለቤት ገድለን፣ በመጨረሻው «ዘራፍ» ብንል ምን ክብር አለው?

ጠመንጃ ቦታ የለውም ግን አንልም። በሰሜን ዋልታ አጠገብ በሚገኘው የኖርዌይ ግዛት በስቫልባርድ፣ ከመንደር የሚወጣ ሰው ነጭ ድብን የሚያባርርበት መሣሪያ እንዲይዝ ሕግ ያስገድደዋል። እዚያ ያለው የዩኒቨርሲቲ ማእከልም ተማሪዎቹን ለመስክ ሥራ ከማሰማራቱ በፊት ጠመንጃ ያለማምዳቸዋል። ልብ በሉ፤ ያለማምዳቸዋል። መሣሪያው የሚሠራው ሕጉ፣ አውሬውና ልምምዱ ሲገጣጠሙ ነው። ከእነዚህ ከሦስቱ ለእኛ የተሟላልን አንድም የለም።

ስፕሬዩም ቢሆን ክታብ አይደለም። በቦርሳ ሥር ተቀብሮ የሚሄድ ቆርቆሮ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ያሰኛል፤ በወገብ ወይም በደረት ላይ መታጠቅ አለበት። ድቡ ከ9 እስከ 18 ሜትር ሲቀርብ መቆለፊያውን ነቅሎ፣ ወደ ታች ዘንበል አድርጎ፣ በራስና በድቡ መካከል ደመና እንዲቆም መርጨት ነው። ውስጡ ያለው ለጥቂት ሰኮንዶች ብቻ ስለሆነ ማባከን አይገባም። በድንኳንና በልብስ ላይ እንደ ትንኝ መድኃኒት የሚረጩት አሉ፤ ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ የደረቀው በርበሬ ሽታ ድብን ይስባልና። ጊዜው ያለፈበት ቆርቆሮ ላይ መተማመን አይገባም፤ በአውሮፕላንም አይጫንም። በሌላ ፓርክ ደግሞ፣ ለምሳሌ በዮሰሚቲ፣ ጭራሽ የተከለከለ ስለሆነ የየፓርኩን ደንብ አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት ግን «ሳይቃጠል በቅጠል» ነው። በነሐሴ 1967 ሞንታና ውስጥ በግሌሸር ብሔራዊ ፓርክ በአንዲት ሌሊት፣ በተለያየ ቦታ፣ ሁለት የ19 ዓመት ወጣት ሴቶች በግሪዝሊ ተገደሉ። ድቦቹ የሰው ምግብና ቆሻሻ መብላት የለመዱ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ፓርኮቹ የቆሻሻውን ነገር አጥብቀው ያዙት። እንግዲህ ምግብን በድንኳን ውስጥ ያለማሳደር፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ሆኖ መሄድ፣ እየተነጋገሩ መጓዝ፣ ከድብ ቢያንስ 91 ሜትር መራቅ ከቆርቆሮውም ከጠመንጃውም ይቀድማል። ጭቅጭቃችንን በመንገድ ላይ ብንቀጥለው እንኳ ድቡ ከሩቅ ሰምቶን ገለል ይልልናል።

ስለዚህ ለሥራ አስኪያጅ ኮሚቴው የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከመዋጮው ላይ ለእያንዳንዱ ተጓዥ አንድ አንድ ስፕሬይ ይገዛ። ከጉዞው በፊት አንድ ቅዳሜ ተወስኖ፣ በርበሬ በሌለበት የመለማመጃ ቆርቆሮ ሁሉም ሰው ከወገቡ መዝዞ መርጨትን ይልመድ፤ «ሚጥሚጣ ለክትፎ ነው» ያለው ወንድማችንም ቀድሞ ይጀምር። ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ አባል ግን ከጉዞው ይቅር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጉዳዩ ለድምፅ ይቀርባል። እጃችሁን ከማንሣታችሁ በፊት የእኅታችንን ጥያቄ አንድ ጊዜ ለራሳችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም ለራሳችሁ በእውነት መልሱ።