አገር እንወቅ፦ ከባሕር መካከል ያለች ከተማ

ዛሬ ባሕር ተሻግረን ወደ አንዲት ትንሽ ከተማ እንወስዳችኋለን። ስሟ ቪክቶሪያ ይባላል። የሲሸልስ ዋና ከተማ ናት። ሲሸልስ በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተበተኑ ከመቶ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ጣናን ያየ ሰው ደሴት ምን እንደ ሆነ ያውቃል። ነገር ግን ከጣና ደሴት ላይ ማዶው ይታያል። እዚህ ማዶ የለም። እስከ አፍሪካ ጠረፍ ድረስ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ውሃ ብቻ ነው።

ከተማዋ ያለችው ማሄ በሚባለው በትልቁ ደሴት ላይ ነው። ትልቁ ስንል ርዝመቱ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጎበዝ እግረኛ በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ከከተማዋ ጀርባ ጥቁር ድንጋይና ደን የሞላበት ተራራ አለ። ከፊቷ ባሕር ነው። ነዋሪዎቿ 26 ሺህ ያህል ይሆናሉ። እኛ የሄድነው በጥር ነበር። እኛ አገር አውድማ ላይ በምንሆንበት ጊዜ እዚያ ዝናቡ ያወርደዋል። ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ወበቁ ልብስ ያስወልቃል።

መጀመሪያ የሄድነው ገበያ ነው። አገር የሚታወቀው በገበያው ነዋ! ታዲያ እህል ተራ የት ነው ብላችሁ አትድከሙ፤ የለም። ተራራው ባሕሩን ገፍቶ ስለ ቆመ የሚታረስ ሜዳ ጥቂት ነው። ዋናው ምግባቸው ሩዝና ዓሣ ነው። ሩዙ ከውጭ አገር በመርከብ ይመጣል። እኛ ሰማይ ሰማይ እንደምናይ እነሱ ወደቡን ያያሉ። ዓሣው ግን የራሳቸው ነው። ቀዩም፣ ብርማውም፣ የሰው ቁመት የሚያህለውም ተደርድሯል። ከብት ሲግጥ የምትከተለዋን ነጭ ወፍ፣ ሳቢሳን ታውቋታላችሁ? እሷም እዚያ አለች። ዓሣው መደብ ላይ ቆማ ቁራጭ ትጠብቃለች። ማንም እሽ አይላትም። ከዓሣው ማዶ የቀረፋ ልጥ፣ ቫኒላ፣ ኮኮናት፣ እንዲሁም የዳቦ ፍሬ የሚሉት አረንጓዴ ድብልብል ፍሬ ይሸጣል። የዳቦ ፍሬ የቀመሰ እንግዳ ተመልሶ ይመጣል ይላሉ። እኛም ተጠብሶ በላን። ድንች ድንች ይላል።

አንዲት የዓሣ ነጋዴ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ጽፋለች። ምን ይላል አልናት። «ፑዋሶን» አለችን። በቋንቋቸው ዓሣ ማለት ነው። ቋንቋው ክሪዮል ይባላል። ታሪክ አለው። በጥንት ጊዜ በደሴቶቹ ላይ ሰው አልነበረም። በ1770 (ዓመቱን የምንጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ፈረንሳዮች ባሮች ይዘው ሰፈሩ። ቆይቶ እንግሊዞች ወሰዱት። ከፈረንሳዩና ከባሪያው አፍ ክሪዮል ተወለደ። ሁሉም ቤቱ የሚናገረው እሱን ሆኖ ሳለ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ነበር። አገሪቱ በ1976 ነጻ ወጣች። በ1982 ክሪዮል ትምህርት ቤት ገባ። እናትየው የምትናገረው ቃል ሰሌዳ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ከመንታ መንገዱ ላይ ብርማ ቀለም የተቀባ የሰዓት ግንብ ቆሟል። በ1903 ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያ መታሰቢያ የተተከለ ነው። አጭር ነው። ከመርከብ ሲወርድ አንዱ ዕቃው ባሕር ገብቶበት ለብዙ ዘመን ሳይደውል ኖረ ሲሉ ሰማን።

ስንመጣ ከአውሮፕላን ጣቢያ ታክሲ ይዘን ኪሳችን ተራቁቶ ነበር። አሁን ግን ነቅተናል፤ ወደ ለ ሮሼ የሄድነው በአውቶቡስ ነው። ለ ሮሼ ከከተማዋ በስተደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ያለ ሰፈር ነው። አውቶቡስ ውስጥ መውረድ የፈለገ ሰው «ዴቫን!» ብሎ ይጮኻል። እኛ ወራጅ አለ እንደምንለው መሆኑ ነው። እኛ አፍረን ዝም ስላልን ከቦታው አለፍንና በዝናብ በእግራችን ተመለስን።

ለ ሮሼን ማየት የፈለግነው በአንድ ንጉሥ ምክንያት ነው። ፕሬምፔ ይባላል፤ ዛሬ ጋና በሚባለው አገር የአሻንቲ ንጉሥ ነበር። እንግሊዞች የማረኩት በጥር 1896 ነው። በዓድዋ ጦርነት ዓመት ማለት ነው፤ እዚያ ንጉሥ ሲታሰር እዚህ የካቲት አልደረሰም ነበር። በ1900 ከእናቱ፣ ከቤተ ዘመዱና ከሹሞቹ ጋር በመርከብ ወደ ሲሸልስ አመጡት። ለምን ደሴት ላይ? ውሃው ራሱ አጥር ነዋ! ዘበኛ አያስፈልገውም።

ፕሬምፔ ሲመጣ ሙሉ ሰው ነበር። ልጆቹን ትምህርት ቤት ላከ። ራሱም በዚያ ዕድሜው እንግሊዝኛ ማንበብና መጻፍ ተማረ። ወደ አገሬ መልሱኝ እያለ ለእንግሊዞች አቤቱታ አቀረበ። አንዱ ሲቀር ሌላ ያስከትል ነበር። በ1907 ደግሞ የአባቶቹን ታሪክ ማስጻፍ ጀመረ። እናቱ በ1917 እዚያው ሞተች። እሱ አገሩን ያየው በ1924 ነው። ከተማረከ 28 ዓመት አለፈ። ልጅ ተወልዶ፣ አድጎ፣ ጎጆ ወጥቶ ልጅ የሚያደርስበት ዘመን ነው።

ስንመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበርና ቆመን ሄድን። የሰዓቱ ግንብ ሲታየን «ዴቫን!» አልን፤ አሁንስ ጮክ ብለን ነው። ሹፌሩ አቆመልን።