ገበያውን የጠየቁት ስደተኛ



በአንድ ሰፈር አንድ ወጣት የሞባይል መጠገኛ ይከፍታል። ጥቂት ወራት እንደቀናው ያየ ጎረቤት ከጎኑ ሌላ ይከፍታል፤ ሦስተኛውም ይከተላል። ዓመት ሳይሞላ ስድስት መጠገኛ በአንድ ረድፍ ተደርድሮ ስድስቱም ባለቤቶች በራቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን ይጣራሉ። ሁሉም «ገበያ ጠፋ» ይላሉ። ለአንድ ሰው የሚበቃው ገበያ ለስድስት መከፈሉን የሚናገር ግን የለም። ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ) መሆኑን ሁላችንም እናምናለን። የጎረቤትን ሥራ ከመቅዳታችን በፊት ቆም ብለን እንድናስብበት የተሰጠን አእምሮም ከዚያው ሪዝቅ የሚቆጠር መሆኑን ግን እንዘነጋለን።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የሚሉኝ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ናቸው። እኚህ ሰሃባ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም፤ በ615 (እ.ኤ.አ) ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞች አንዱ ናቸውና። በ622 ደግሞ ወደ መዲና ተሰደዱ። በመካ የታወቁ ነጋዴ ቢሆኑም መዲና ሲገቡ እጃቸው ባዶ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ከሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድ የሀብታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው አቀረቡ። ዐብዱረሕማን ግን ባለሀብቱን መርቀው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ገበያው የት እንደሆነ እንዲያመለክቷቸው። ወደ በኒ ቀይኑቃዕ ገበያ ወጥተው በዚያው ቀን ጥቂት የደረቀ አይብና ቅቤ አትርፈው ተመለሱ። በማግስቱም ሄዱ። ብዙ ሳይቆዩ ልብሳቸው ላይ የሽቶ ምልክት ታየ፤ አግብተው ነበር። መህራቸውም የተምር ዘር ክብደት ያህል ወርቅ ነበር። ነቢዩም በአንድ በግ እንኳ ቢሆን ድግስ እንዲያደርጉ አዘዟቸው።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምናነሳው ስለ ሰዕድ ለጋስነት ስንናገር ነው። ነጋዴ ሆኖ ላነበበው ግን ሌላም ነገር ይታየዋል። ዐብዱረሕማን ካፒታል እስኪያገኙ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። የማያውቁትን ከተማ በማየት ጀመሩ፤ የጀመሩትም ማንም ቤት በየቀኑ በሚፈልገው አይብና ቅቤ ነው። እኛ ዘንድ ወጣቱ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ብር አገኛለሁ?» ብሎ ነው፤ ገበያውን የሚያየው ሱቁን ከተከራየና መደርደሪያውን ካሠራ በኋላ ነው።

ሱቅ ላላችሁ አንድ ነገር ልምከር። ደብተር ግዙና ለደንበኛ «የለም» ብላችሁ የመለሳችሁትን ሁሉ ጻፉበት። የተሸጠውንማ ሁሉም ይቆጥረዋል። ሰው ጠይቆ ያጣውን የሚመዘግብ ግን ጥቂት ነው። ከአንድ ወር በኋላ ያ ደብተር ጎረቤታችሁ የማያውቀውን ይነግራችኋል፤ ምናልባትም የልጆች ጫማ በትንሽ ቁጥር፣ ምናልባትም ዕቃ ቤት ድረስ የሚያደርስ ሰው። አዲስ ሐሳብ ከሰማይ ዱብ የሚል ለሚመስለው ሰው ይህ ተራ ነገር ነው፤ ግን እንዲህ ካለው ተራ ነገር ነው የሚገኘው።

ብልጠትና ፈጠራ እንዳይምታቱብን ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ያደረጉትን እናስታውስ። እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ውስጡ ርጥበት አገኙ። ባለቤቱ ዝናብ አግኝቶት መሆኑን ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ። እርጥቡን ከሥር መደበቅ ብልጠት የሚመስለው ነጋዴ ዛሬም ሞልቷል።

አሁን ወደ አባቶች ልምጣ። አንድ የማውቃቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው። ዱቤያቸው ሁሉ ራሳቸው ውስጥ ነበር። ቁልፉ ኪሳቸው ውስጥ፣ የአስመጪው ስልክ ኪሳቸው ውስጥ። ልጃቸው 12 ዓመት ከጎናቸው ቆሞ ጨርቅ ሲለካ ኖሯል። ሐሳብ ሲያመጣ «አንተ ገና ነህ» ይሉት ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈው በኋላም ገና ነበር። በድንገት ሲሞቱ ማን እንደሚያበድራቸው፣ ማን እንዳለበት የሚያውቅ ጠፋ። ተበዳሪው ዝም አለ፤ አበዳሪው ግን በለቅሶው ሦስተኛ ቀን መጣ። ወንድማማቾቹ ተጣሉ፣ ሱቁም ተዘጋ። ከቁርኣን አናቅጽ ሁሉ ረጅሙ፣ የሱረቱል በቀራህ 282ኛው፣ ዱቤን መጻፍንና ምስክር ማቆምን የሚያዝ መሆኑን እኚህ ሰው ሳያውቁት ቀርተው አይመስለኝም።

ለልጅ ኃላፊነት መስጠት የሚያስፈራቸው አባቶች ሃይማኖታችን ያቆየላቸው መንገድ አላቸው፤ ሙዳረባ። ነቢዩ ራሳቸው ከነቢይነት በፊት በእመት ኸዲጃ (ረ.ዐ) ገንዘብ ወደ ሻም ነግደዋል። አሠራሩ ቀላል ነው። አባት 100,000 ብር ለልጁ ይሰጣል እንበል፤ ትርፉን 60 በመቶ ለአባት፣ 40 በመቶ ለልጅ ብለው ተስማምተው ይጽፋሉ። 30,000 ብር ከተተረፈ 18,000 ለአባት፣ 12,000 ለልጅ ይሆናል። 20,000 ከከሰረ፣ ልጁ ካላጠፋ ወይም ውሉን ካልጣሰ ኪሳራው የካፒታሉ ባለቤት ነው፤ ልጁም የድካሙን ዋጋ ያጣል። «በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ አድርገህ አምጣ» ማለት ግን አይፈቀድም። የዚህ ትልቁ ጥቅም ልጁ ውሳኔን በትንሽ ገንዘብ መለማመዱ ነው። መቶ ሺህ ከስሮ የተማረ ልጅ በኋላ የአባቱን ሱቅ በሙሉ አያከስርም።

ካፒታል የሚሰጥ አባት የሌለውስ? ድሮ «ባንክ ወለድ ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ብዙ ነበር፤ አልፈርድበትም። በአገራችን ግን ከወለድ ነፃ አገልግሎት ከ2011 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ በመመሪያ ተፈቅዷል፤ በ2021 ደግሞ ዘምዘምና ሂጅራ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ባንክ ሆነው ሥራ ጀምረዋል። ሄዶ መጠየቅ፣ ውሉንም ከመፈረም በፊት ለሚያውቅ ዓሊም ማሳየት ይገባል።

ወደ ዐብዱረሕማን (ረ.ዐ) ልመለስ፤ ነጋዴነታቸው ብቻ አይደለምና የሚነገረው። በተቡክ ዘመቻ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለፈጅር ሶላት ሲዘገዩ ሰዎቹ ዐብዱረሕማንን ኢማም አድርገው ጀመሩ። ነቢዩ ሲደርሱ ዐብዱረሕማን ወደ ኋላ ሊሉ አሰቡ፤ እሳቸው ግን እንዲቀጥሉ በምልክት ነገሯቸውና ከኋላቸው ሰገዱ። ሱቁ ውስጥ ልጁ ደንበኛ እያስተናገደ ሲገባ «ቆይ፣ ተወው፣ እኔ ልጨርሰው» የሚል አባት ይህን ቢያስብ ጥሩ ነበር።

በ644 (እ.ኤ.አ) ዑመር (ረ.ዐ) በተወጉ ጊዜ ኸሊፋውን እንዲመርጡ ከሰየሟቸው ስድስት ሰዎች አንዱ ዐብዱረሕማን ነበሩ። ራሳቸውን ከዕጩነት አወጡ፤ የመምረጡም አደራ በዚህ ምክንያት ተሰጣቸው። ከዚያም ሦስት ሌሊት በቂ እንቅልፍ ሳያገኙ ሰው ሲያማክሩ ሰነበቱ። በመጨረሻው ሌሊት የእህታቸውን ልጅ ሚስወርን በር አንኳኩተው የቀሰቀሱት ለዚሁ ጉዳይ ሰዎችን እንዲጠራላቸው ነበር። ኢብኑ ከሲር እንደዘገቡት ታላላቆቹን ብቻ ጠይቀው አላቆሙም፤ ቤታቸው ያሉትን ሴቶች ከመጋረጃ ወዲህ ሆነው፣ ከውጭ ወደ መዲና የሚገባውን መንገደኛና ቁርኣን ቤት የሚማሩትን ልጆች ሳይቀር ጠየቁ።

ወሏሁ አዕለም።