የናሙና መዝገብና የነጋዴው ጥቅም

በአዲስ አበባ ከተማ፣ ከፒያሳ ቁልቁል ወደ ፖስታ ቤት በሚወስደው በቸርችል ጎዳና ላይ፣ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ ቆሞ ይታያል። ዋናው መድፍ በጋፋት ተሠርቶ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚጠጋ ስለ ነበር፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ለማድረስ አስቀድመው መንገድ ማስጠረግ ግድ ሆኖባቸው ነበር፤ ጉዞውም ወራት ፈጀ። ዛሬ የምርመራ ላቦራቶሪዎችን መዝገብ በኮምፒዩተር ለማደራጀት የሚያስቡ ኃላፊዎች ግን ብዙውን ጊዜ መንገዱን ሳይጠርጉ መድፉን ለመግዛት ይቸኩላሉ።

ነገሩ የኬሚስቶች ብቻ መስሎ ለሚታየው ነጋዴ የ2000 ዓ.ም. የቡና ጉዳይ በቂ ማስረጃ ነው። በዚያ ዓመት ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ውስጥ ከተፈቀደው መጠን በላይ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ቅሪት አገኘች፤ ወደዚያ አገር የሚላከውም ቡና እጅግ አሽቆለቆለ። ጥርጣሬውም ከእርሻው ይልቅ በጆንያው ላይ አረፈ። እንዲህ ባለው ጊዜ ላኪውን የሚያድነው የቃል ምስክር ሳይሆን፣ ናሙናው ከየትኛው ጭነትና ከየትኛው ጆንያ፣ በምን ቀን እንደ ተወሰደ፣ ማን እንደ መረመረውም ሳይውል ሳያድር የሚያሳይ መዝገብ ነው። ሰሊጥ በሳልሞኔላ፣ ቅመማ ቅመም ደግሞ በአፍላቶክሲን ምክንያት በአውሮፓ ኅብረት መግቢያ በሮች ጥብቅ ቁጥጥር ሲደረግባቸው ያየ ሰው ይህን አይስተውም።

የላቦራቶሪ መረጃ አስተዳደር ሥርዓት የሚባለው እንግዲህ ይኸው መዝገብ ነው። ናሙናው ሲገባ አንድ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያም ቁጥር እስከ ምስክር ወረቀቱ ድረስ አብሮት ይሄዳል። በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ተስማሚነት ምዘና ድርጅትም ሆነ የግል ላቦራቶሪ የሚመዘንበት አይ ኤስ ኦ 17025 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣው እትሙ፣ እንዲህ ያለው ሥርዓት ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በትክክል መሥራቱ እንዲረጋገጥና ካልተፈቀደለት ሰው እጅ እንዲጠበቅ ያዝዛል።

መንገዱን መጥረግ ማለት አንድን ናሙና ከጆንያው አፍ እስከ ማኅተሙ ድረስ ተከትሎ መሄድ ነው። ማን ተቀበለው? ማን መዘነው? ውጤቱ ከመሣሪያው ወደ ደብተር፣ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር፣ ከዚያም ወደ ምስክር ወረቀቱ በእጅ ስንት ጊዜ ተገለበጠ? ስሕተት የሚገባው በዚህ ግልበጣ ላይ ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሳይሰፍር የሚገዛ ሥርዓት የቆየውን ዝርክርክነት በፍጥነት ከማባዛት በቀር ፋይዳ የለውም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የዋጋ ጉዳይ ነው፤ ይህን ደግሞ ነጋዴ ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። ከውጭ የሚገዛው ሥርዓት በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ በዶላር ይጠይቃል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ያ ክፍያ በብር ሲታሰብ ምን ያህል እንደ ናረ ለአስመጪ አይነገረውም። በደቡብ አፍሪካ እንደ ተጀመረው እንደ ቢካ ያሉ፣ ያለ ፈቃድ ክፍያ የሚገኙ ሥርዓቶችም አሉ። ቢሆንም ነጻ የተባለው ሁሉ ያለ ወጪ አይደለም፤ ሥርዓቱን የሚያውቅ ባለሙያ በቋሚነት መቀጠር አለበት። መብራት ሲጠፋ መረጃው እንዳይጠፋ መጠባበቂያ ያስፈልጋል፤ አዲሱ መዝገብ እስኪታመንም ድረስ አሮጌው ደብተር ጎን ለጎን መጻፍ ይኖርበታል። ይህ ድርብ ሥራ ሠራተኛውን ማሰልቸቱ አይቀርም፤ ዕቅድ ሲወጣ ግን ሳይታሰብ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እርሱ ነው።

ከነጋዴው ወገንም ሊነገር የሚገባው አለ። «ቀኗን አስተካክልልኝ፣ ቁጥሯን ዝቅ አድርግልኝ» እያለ በትውውቅ የሚለምን ደንበኛ ከገበያ አልጠፋም። በደንብ የታቀደ ሥርዓት ግን የተለወጠውን ቁጥር፣ የለወጠውን ሰው ስምና ሰዓቱን ይዞ ያስቀምጣል፤ የፊተኛውንም ቁጥር አይፋቅም። የምስክር ወረቀቱ በዮኮሃማ ወይም በሃምቡርግ እንዲታመንለት የሚሻ ላኪ ይህን ልመና መተው ይኖርበታል፤ ያለዚያ የጎረቤቱ ሐሰተኛ ቁጥር የእርሱንም ጭነት ከወደብ ያስመልሰዋል።

የንግድ ምክር ቤቱም ከቡና፣ ከቅባት እህልና ከምግብ ሸቀጥ ነጋዴዎች መካከል ጥቂት ተወካዮችን መርጦ፣ ላቦራቶሪዎቹ የግዢ ሰነድ ከማዘጋጀታቸው በፊት ከዕቅድ አውጪዎቹ ጋር ቢያስቀምጣቸው ይበጃል። የጭነቱን ቁጥር አሰጣጥና ናሙና የሚወሰድበትን መጋዘን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።